ለአንድ ቀን ነጭ

ባሌ በተቀበረ ማግስት ያለኝን ልብስ ሁሉ ሰብስበው ከል የነከሩልኝ ጎረቤቶቼ ናቸው። ሳጥን ውስጥ ካላዩት አንድ ነጠላ በቀር ነጭ አላስቀሩልኝም፤ ማስቀረትም አልነበረባቸውም። ቀለሙ ዱቄት ነበር፣ ከጉራጌው ሱቅ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ። ውሃው በትልቅ ድስት ይፈላል፣ ዱቄቱ ይበጠበጥበታል፣ ጨው ይጨመራል፣ ልብሱ ይገባና በእንጨት እየተገላበጠ ይቆያል። ዋናው ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ማለቅለቅ፣ እንደገና ማለቅለቅ። የኔን ያለቀለቁት ሴቶች ቀብር ላይ ውለው የደከሙ ስለነበሩ ቶሎ ብለው አሰጡት። ስለዚህ ላብ ባላበኝ ቁጥር ቀለሙ እየለቀቀ አንገቴና ብብቴ ጠቆረ። ትራሴ ጠቆረ። እንጀራ ለመቁረስ እጄን ስዘረጋ ጥፍሬ ሥር ያለውን አይቼ መልሼ የምሰበስብበት ቀን ነበር። በኋላ ራሴ እያንዳንዱን ልብስ በጨው ውሃ ዘፍዝፌ ደጋግሜ አጠብኩት፤ ከዚያ ወዲያ ተወኝ። የከል ቀለምን ጠባይ ያወቅሁት እንዲያ ነው።

በዚያ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ ሰው ሰውን ከሩቅ የሚያውቀው በልብሱ ነበር። የነጠላሽ ጥለት ወደ ታች ከሆነ ደኅና ነሽ ማለት ነው። ወደ ላይ ወጥቶ አንገትሽ ሥር ከተጠመጠመ ሰው ሞቶብሻል። ለእሑድ የሚለበሰው ለቅዳሜ ገበያ አይለበስም። አገረ ገዢው ግቢ አቤቱታ ይዛ የምትሄድ ሴት በጣም ካጌጠች ምን ጎደለሽ ትባላለች፣ በጣም ከተጎሳቆለች ደግሞ በር ላይ ዘበኛ ይመልሳታል። እኔ ከሦስተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም፤ ይህን ግን ማንም ሳያስተምረኝ እየፈራሁ ተምሬዋለሁ። ከቤት ከመውጣቴ በፊት በር ላይ ቆሜ ከራሴ እስከ እግሬ ራሴን ሳላይ ወጥቼ አላውቅም።

ከሁሉ የጠበቀው ግን የከል ሕግ ነበር። ለባል ዓመት ሙሉ ይለበሳል። ዓመቱ ሲደርስም ሴቲቱ በገዛ እጇ አታወልቀውም። የባሏ ወገኖች ናቸው አዲስ ነጭ ልብስ ይዘው መጥተው፣ ጸጉሯን አጥበው፣ ከሉን አውልቀው የሚያለብሷት። እነሱ ካልመጡ ትጠብቃለች። ቡርቃ ጃቶ በኩል የምትኖር አንዲት ሴት ወገን ቢዘገይባት ጊዜ ራሷ አውልቃ ገበያ ወጣች። ሴቶቹ ቅቤ እየሸመቱ፣ ድምፃቸውንም ሳይቀንሱ፣ «ሰውዬው እስኪሞት ቆማ ስትጠብቅ ኖራ ነው» አሉ። እኔም እዚያው ቆሜ እሰማ ነበር። ለሴቲቱ አዘንኩላት፤ ግን እንደ እሷ እንዳልሆን አምላኬን ለመንኩ።

ባሌ ቡና መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ ይሠራ ነበር። አያቱ ከሸዋ መጥተው አርጆ የተቀመጡ ናቸው። በሕይወት የቀረችው ወገኑ አንዲት ታላቅ እህቱ ብቻ ነበረች። እናታቸው ስትሞት እሱን ያሳደገችው እሷ ናት። አግብታ ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ አልወለደችም። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ የእሷ የምትለው ሰው እሱ ነበር። እኔ እትዬ እላታለሁ። ልጄ ግን ከሰፈር ልጆች ጋር ኦሮምኛ እየተናገረች ስላደገች እንደ እነሱ የአባቷን እህት አዳዳ ትላታለች። እትዬ መጀመሪያ «ይሄ ደግሞ የምን ስም ነው?» ብላ ተቆጥታ ነበር። ኋላ ልጅቱ እትዬ ብላ ብትጠራት የምትከፋ ሆነች።

ያለችኝ ልጅ እሷ ብቻ ናት። ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምራ በዚያው ወደ እነሱ ቤተ ክርስቲያን ገባች። አባቷ ይህን ሲሰማ ብዙ ቀን አልተናገረም፤ ከዚያ አንድ ቀን፣ «መቼስ መዝሙሩ ደስ ይላል» አለና ነገሩ በዚያ አለቀ። ከዲጋ የመጣ አስተማሪ በሽማግሌ ሲጠይቃትም እሺ ያለው ራሱ ባሌ ነው። ሠርጉ ግን ሳይቆረጥ ክረምቱ ሊገባ ሲል ታመመ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ሞተ። በኅዳር ወር አስተማሪው ልጅ ደምቢ ዶሎ ተመደበ ተባለ። ከጥምቀት በኋላ ሥራው ላይ መገኘት አለበት። ሳይጋቡ አብራው ልትሄድ አትችልም፣ ጥሏት ቢሄድ ደግሞ ደምቢ ዶሎ ያኔ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ ሠርጉ በጥር እንዲሆን ተወሰነ። የኔ ከል የሚወልቀው ግን በሰኔ ነው።

እንቅልፍ ያጣሁት ከዚያ ጀምሮ ነው። ሙሽራ ከእናቷ ቤት ስትወጣ እናቷ በከል ቆማ ትመርቃት? አጠገቧስ ቆማ ቤተ ክርስቲያን ትግባ? እኛ ዘንድ ለሙሽራ ጥቁር ማየት ጥሩ አይደለም። ሐዘንተኛ ሴት ሠርግ ቤት ብትሄድ እንኳ ከጓዳ አትወጣም። የማልፈልገው ይህን ነበር። አንድ ልጄን ከጓዳ ሆኜ በግድግዳ ስንጥቅ ልሸኛት አልፈለግሁም። ምኞቴ ለአንድ ቀን ብቻ ነጭ ለብሼ አጠገቧ መቆም ነበር።

የልጁ እናት ከዲጋ መጥታ ስለ ድግሱ ስናወራ ነገሩን እንደ ዋዛ አነሳሁባት። አጭር፣ ፈገግታ የማይለያት ሴት ናት። አማርኛዋ ከኦሮምኛዋ ጋር እየተቀላቀለ ነው የሚመጣው።

«አዮ» አለችኝ፣ እናቴ ማለቷ ነው፣ በዕድሜ ግን እኩያዬ ናት። «ልብስ ምን ያደርጋል? ዋቀዮ የሚያየው ልብ ነው። እኛ ቤት ከል የሚባል የለም። በጥቁርም ኑ፣ በነጭም ኑ። እናት ናችሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ። ልቤ ሞቅ አለው። እሷ ከወጣች በኋላ ግን እቃ ስታጥብልኝ የነበረችው ጎረቤቴ ብቅ አለች።

«አመንሻት?»

«ምኑን?»

«በጥቁርም ኑ ያለችውን ነዋ! አፏ ማር ነው። ልጇን ወስዳ፣ ነገ አንድ ነገር ቢያማት፣ ወይ ልጅ ቢዘገይባት፣ እናቷ በጥቁር ሸኝታት ነው አይሉም?»

«እነሱ እንዲህ ባለ ነገር አያምኑም።»

«የማያምኑት እሑድ እሑድ ነው» አለችና ሳቀች።

ሳቋን ሳልወድ አብሬ ሳቅሁ። ሌሊቱን ግን ያሰብኩት የሴትየዋን ደግ ቃል ሳይሆን የጎረቤቴን ነው። ሰው ሲፈራ የሚያምነው የሚያስፈራውን ነው መሰለኝ።

መላው አንድ ብቻ ነበር። ከሉን ከዓመቱ በፊት ማውለቅ የምትችለው እትዬ ናት፤ ስለዚህ አርጆ ሄጄ እለምናታለሁ አልኩ። ገበያ በምትሄድ የጭነት መኪና ላይ ከጨው ጆንያ ጋር ተጭኜ ሄድኩ። አቧራው ከሌን ግራጫ አድርጎት ስደርስ እትዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ከል ለብሳ ነጭ ጥጥ ጭኗ ላይ ከምራ ስትፈትል አሁንም ትታየኛለች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ማን ሞቶ መጣሽ?»

«ኧረ ማንም አልሞተም፣ እትዬ።»

«እንግዲያ ሊያገባ የፈለገ አለ። እኔ ዘንድ ሰው ለሌላ አይመጣም።» እንዝርቷን አስቀምጣ ሳመችኝ፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ አንገቴን እንዳቀፈች ቆየች። ወንድሟ ከሞተ በኋላ ስንገናኝ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታደርገው።

ስለ ሠርጉ ነገርኳት። ጥር ነው ስላት እንዝርቷን አንስታ ጥጧን መፍተል ቀጠለች። ከዚያ ወደ ነጩ ነገር መጣሁ። እንዴት አድርጌ እንደጀመርኩት አላስታውስም።

«አፈሩ ሳይደርቅ ነጭ አማረሽ?»

«ለአንድ ቀን ብቻ ነው፣ እትዬ። ማግስቱን መልሼ እለብሰዋለሁ።»

«ከል ጫማ ነው እንዴ? ሲያሻሽ የምታወልቂው፣ ሲያሻሽ የምታጠልቂው?»

«ልጅቱ አባት የላትም። እኔም ጓዳ ልቀር ነው?»

ከብት የሚነዱ ሰዎች በደጁ ሲያልፉ «ነጋ ቡልቴ?» ብለው ሰላም አሏት፤ እሷም በኦሮምኛ መለሰችላቸው። እነሱ ካለፉ በኋላ ድምፅዋ ተለወጠ።

«አንቺ ያወለቅሽ ቀን እኔ ብቻዬን ልቀርለት ነው? በዚህ አገር ለሱ ጥቁር የለበስነው ሁለታችን ነን። አንቺ ገና ነሽ፣ ልጅ አለሽ፣ ነገ የልጅ ልጅ ታያለሽ። እኔ ለማን እለብሳለሁ ኋላ?»

እጇን ያዝኩ። እሷም ትንሽ ቆይታ እጇን አስለቀቀችና ተነስታ ትከሻዬን በስንዝር ለካች፤ ከትከሻዬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ለካች። እንደ ልጅ ወዲህ ዙሪ፣ ወዲያ ዙሪ አለችኝ።

«ሂጂ» አለች። «ለሠርጉ እመጣለሁ። የምትለብሺውን እኔ ይዤ እመጣለሁ። ደሞ የሰው ልብስ ተውሰሽ እንዳትለብሺ።»

ያን ቀን ስመለስ የጨው ጆንያው ላይ ሆኜ እንደ ልጅ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለለካችኝ፣ ነጭ ጥጥም ስትፈትል ስላገኘኋት፣ የምታመጣው ምን እንደሆነ ደግሜ አልጠየቅኋትም። ለልጄ ስነግራት፣ «አዳዳ እሺ አለች? አዳዳ?» ብላ እየሳቀች አቀፈችኝ። «እማዬ፣ ካንቺ ሌላ ማንም አጠገቤ እንዲቆም አልፈልግም» አለችኝ። ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ የኖረውን፣ ከቀለሙ ድስት የተረፈውን ብቸኛ ነገሬን፣ አረንጓዴ ጥለት ያለውን ነጠላ አወጣሁ። በከሰል ካውያ ተኮስኩት። ማንም ሳያየኝ ጥለቱን ወደ ታች አድርጌ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ሞከርኩት። እንዴት እንደሚጣል የረሳሁ መስሎኝ ነበር።

የልጄ ቬሎ የራሷ አልነበረም። የቤተ ክርስቲያኑ ሴቶች አዋጥተው ያሰፉት አንድ ቬሎ ነበር፤ ያገቡት ልጆች ሁሉ እየተቀባበሉ ይለብሱታል። ከሴቶቹ አንዷ በአንሶላ ጠቅልላ አመጣችልን። «ለብሳው ምግብ እንዳትበላ። በሣምንቱ ሌላ ሙሽራ አለችን፣ በማግስቱ ይመለስ» አለችን። ስታወጣው ክፍሉ በራ። እኔ ለመንካት ፈራሁ። እጄን ታጥቤ፣ እንደገና ታጥቤ፣ ቬሎውን ግድግዳው ላይ የምትሰቅለውን ልጄን ከሩቅ ብቻ አየሁ። በከሌ አጠገቡ እንዳላልፍ በክፍሉ ዳር ዳር ነበር የምሄደው።

የሠርጉ ቀን እትዬ ጠዋት ገና ጤዛው ሳይረግፍ ደረሰች። ከአርጆ ማታ ተነስታ መንገድ ላይ ወዳጅ ቤት አድራለች። ጥቅሏን ለማንም አላስያዘችም። ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብተን መዝጊያውን ገፋ አድርጋ ጥቅሉን አልጋው ላይ ፈታችው።

ጥቁር ነው።

አዲስ ቀሚስ ነው፣ ራሷ ፈትላ ሸማኔ የሠራላት። አንገቱና እጅጌው ላይ በጥቁር ክር ጥቁር ጥልፍ ተጠልፎበታል፤ ሲያዩት የማይታይ፣ ሲነኩት የሚታወቅ ጥልፍ። እንዲህ ያማረ ልብስ በሕይወቴ ለብሼ አላውቅም።

«የሱ ሚስት በደበዘዘ ከል ሰው ፊት አትቆምም» አለች። «የተከበረ ሰው ነበር። ዛሬ እሱ የለም፤ እሱን የምናሳየው እኛ ነን።»

«እትዬ…»

«ምነው፣ አላማረሽም?»

እጇን አየሁ። ጣቶቿ እስከ አንጓዋ ድረስ ጠቁረዋል፣ ጥቁረቱም ትኩስ ነው። ልብሱ ተነክሮ የወጣው በቅርቡ እንደሆነ ገባኝ። የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣቴ አሸት አደረግሁት። ገና ርጥበት አለው፣ ጣቴም ጠቆረ። ገና ይለቃል፣ በጨው ውሃ መግባት አለበት ልላት አፌን ከፈትኩ። ያን ሁሉ መንገድ ይዛው የመጣችውን፣ ያን ሁሉ ጥጥ የፈተለችበትን ነገር ቆሻሻ ነው እንደማለት ሆነብኝ።

«ቀለሙ…» አልኩ።

«ቀለሙ ምን?»

«ቀለሙ ያምራል።»

ስታለብሰኝ እኔ ከደጅ ከበሮውንና መዝሙሩን እየሰማሁ አንድ ነገር ብቻ አስብ ነበር፤ ልጄ ስትሰናበት ጉልበቴን ትስማለች። ስለዚህ አግዳሚው ላይ ከእትዬ ጎን ተቀምጬ ነጩን ነጠላ፣ ያን አረንጓዴ ጥለት ያለውን፣ አጥፌ ጭኔና ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። እንደ ጋሻ ነው የያዝኩት። እንግዲህ የተመኘሁት ነጭ ለዚህ ዋለ።

ልጄ ቬሎውን ለብሳ ስትገባ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እማዬ፣ ነጩስ?»

እኔ ሳልመልስ እትዬ መለሰችላት። «እናትሽ ሐዘንተኛ ናት። አባትሽን ነው የለበሰችው።»

ልጄ ከንፈሯን ነከሰች፤ ከአዳዳዋ ጋር መጨቃጨቅ አታውቅም። ጎንበስ ብላ መጀመሪያ የእትዬን ጉልበት ሳመች፤ እትዬ በዚያ በጠቆረ እጇ እንዳትነካት እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነው የመረቀቻት። ያን ጊዜ ነው እትዬም ቀለሙ እንደሚለቅ እንደምታውቅ የገባኝ። እጇን አወቀች፤ ቀሚሱን ግን አላሰበችም።

ከዚያ ልጄ ወደኔ መጣች። ክፍሉ በሰው ተጨናንቋል፣ ሙቀቱ ያፍናል፣ ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ነጠላውን በሁለት እጄ ጨምድጄ ይዣለሁ። ግን እንዴት ተደርጎ ነው በተያዘ እጅ የሚመረቀው? ሽማግሌዎቹ፣ «እናት ይመርቁ» አሉ። እጄን አነሳሁ። «ቤትሽ ይሙላ፣ የወጣሽበት ቀን…» ብዬ ጀምሬ ሳልጨርሰው ልጄ ጭኔ ላይ ወደቀችና አለቀሰች። እኔም ራሷን ይዤ አለቀስኩ። አባቷ ሲቀበር እንኳ እንዲያ ተቃቅፈን አላለቀስንም። መቼ ነጠላው ከጭኔ ወርዶ እግሬ ሥር እንደወደቀ አላወቅሁም።

ቀና አለች።

ቬሎው ደረት ላይ፣ ጉልበቴ የነበረበት ቦታ፣ የእጅ መዳፍ የሚያህል ጥቁር አለ። ጉንጯ ላይም አለ። ልጄ ወደ ታች አየች፣ ከዚያ ወደኔ አየች። ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ! ቬሎውን!» አለች። የልጁ እናት ሰው እየገፋች መጣችና የነጠላዋን ጫፍ ውሃ ውስጥ ነክራ እየሮጠች…

«ውሃ አታስነኪው!» ብዬ ጮህኩ።

ነክቶታል። ጥቁሩ እንደ ጢስ ተዘረጋ። መዳፍ የነበረው ሁለት መዳፍ ሆነ፣ ጠርዙ እየሳሳ እስከ ወገቧ ወረደ።

የልጁ እናት የምታደርገው ሲጠፋት የራሷን ነጠላ አወለቀችና በልጄ ደረት ላይ አጣፍታ ትከሻዋ ላይ ቋጠረችላት፤ ዲጋ ያሉ ሴቶች ልጅ ሲያቅፉ እንደሚያደርጉት። «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ፣ ጥሩ ነው፣ አማረ» እያለች ጉንጯን በመዳፏ ጠረገችላት። እሷ ራሷ ያለ ነጠላ በቀሚሷ ብቻ ቤተ ክርስቲያን ገባች።

እኔ አልሄድኩም። ልጄ መኪናው ዘንድ ደርሳ ዞራ ፈለገችኝ፣ እጇን ዘረጋችልኝ። እኔ ግን በር ላይ ቆሜ፣ ጥላሸት እንደነካ ሰው እጄን ከሰውነቴ አርቄ ይዤ፣ ራሴን ነቀነቅሁ። አጠገቧ ብቆም ሌላ ቦታ እነካታለሁ ብዬ ፈራሁ። የሚያውቁኝ ሐዘንተኛ ስለሆነች ነው አሉ። የማያውቁኝ የልጁ ወገኖች ደግሞ ሃይማኖታችንን ንቃ ነው ቤተ ክርስቲያናችን ያልገባችው ብለው እንዳወሩ ቆይቶ ሰማሁ። እትዬ ቀኑን ሙሉ ከተቀመጠችበት አግዳሚ አልተነሳችም። ምግብ ሲቀርብላትም አልነካችም። እጇ ነጠላዋ ውስጥ ነበር።

ልጄ በሣምንቱ ወደ ደምቢ ዶሎ ሄደች። ስትሰናበተኝ ስለ ቬሎው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ እኔም አላነሳሁም። ብታነሳው ይሻለኝ ነበር።

ሴቶቹ ቬሎውን በሳሙናም በሎሚም አጠቡት፤ ፀሐይ ላይ ከርሞ ግራጫ ሆነ እንጂ አልለቀቀም። ያችም በሣምንቱ ልታገባ የነበረች ልጅ ሠርጓን ለሌላ ጊዜ አዛወረች ተባለ። በኋላ የደረቱን ጨርቅ ቀደው በሌላ ነጭ ተኩት። ያወቅሁት ከፋሲካ በኋላ ነው። ከገበያ ስመለስ በቤተ ክርስቲያናቸው አጥር አጠገብ አለፍኩ። ሙሽራ ከመኪና ስትወርድ ሰው ተሰብስቧል፤ እኔም በከሌ ከዛፉ ጀርባ ቆሜ አየሁ። ያው ቬሎ ነው። ደረቱ ላይ የተተካው ጨርቅ ከሌላው የበለጠ ነጭ ነው። ቬሎው በብዙ እጥበት ወደ ቢጫ ሄዷል፣ ያቺ ቁራጭ ብቻ ታበራለች። አጠገቤ የቆሙት ልጃገረዶች በኦሮምኛ ሲያወሩ፣ አንዷ ያ ጥቁር የቱ ጋ እንደነበረ ለሌላዋ በጣቷ ታሳያት ነበር። የማን እንደሆነም ነገረቻት። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ መንገድ አላልፍም፤ ዙሪያውን እሄዳለሁ።

ሰኔ ገባ። ዝናቡ የደምቢ ዶሎን መንገድ ዘጋው። ልጄም እርጉዝ ናት፣ ለአባቷ ሙት ዓመት እንዳትነቃነቅ ብዬ የላክሁባት እኔ ነኝ። እትዬ ግን ጭቃውን እየረገጠች ከአርጆ መጣች። ተዝካሩ በወጣ በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶቼን ጠራች። ጸጉሬን አጠበችኝ። ከሉን በራሴ በኩል አወለቀችው፣ አጣጠፈችው፣ ከጥቅሏም ነጩን አወጣች። ያው ሸማኔ ነው፣ ያው ልክ ነው፣ ጥልፉም ያው ነው፤ በነጭ ክር በነጭ ላይ። ሴቶቹ እልል አሉ። ጎረቤቴ፣ «ቆንጆ ነበርሽ ለካ! አሁን ደግሞ ባል እንዳይመጣብን» አለችና ሁሉም ሳቁ። ቡና ጠጥተው ዝናቡ ሳይበረታ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ቤቱ ባዶ ሲሆን ነጭ ለብሼ መሀል ወለሉ ላይ ቆምኩ። ገበያ የለም፣ ሠርግ የለም፣ የምሸኘው ሰው የለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ለአንድ ቀን የለመንኩት ነጭ ለዘወትር ተሰጠኝ፤ የምሄድበት ግን አልነበረኝም።

እትዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች፣ ሠርጉ ቀን የተቀመጠችበት ላይ። የራሷን ከል አላወለቀችም።

«እትዬ፣ ያንቺስ?» አልኳት። «ዓመት ሆነው እኮ። ያንቺን ማን ነው የሚያወልቅልሽ?»

«የኔንማ የሚያወልቅልኝ እሱ ነበር» አለች።

እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታገላብጠው ነበር። ቀለሙ ከእጇ ለቋል፤ ጥፍሯ ዳር ብቻ ጥቂት ቀርቶ ነበር።

«ያ ነገር…» አለች ወደኔ ሳታይ። «የልጅቱ ቬሎ። ለቀቀ?»

የደረቱ ቁራጭ ስታበራ ታየችኝ። ያቺ ልጃገረድ የዘረጋችው ጣት ታየኝ።

«ለቀቀ፣ እትዬ» አልኩ። «አንድ ጊዜ ታጥቦ ለቀቀ። የነካውም አይመስልም።»

«ተመስገን» አለች። ትከሻዋ ሲወርድ አየሁት። «ተመስገን አምላኬ።»

አጠገቧ ልቀመጥ ሄድኩ። ስጠጋ ግን ፈጠን ብላ ቀሚሷን ሰበሰበችና ወደ ዳር ሸሸች።

«አትጠጊኝ» አለች። «እንዳልነካሽ።»

«ያንቺ እንኳ የቆየ ነው፣ አይለቅም።»

«ግድ የለም። እዚያው ሁኚ።»

ስለዚህ አግዳሚው ላይ በየጫፋችን ተቀመጥን፤ በመካከላችን አንድ ሰው የሚቀመጥበት ያህል ቦታ ትተን፣ ዝናቡን እየሰማን።